ማን ያውቃል ወደ ላይ ሲጮህ

ውሻው ስሙ ማን ያውቃል ነበር። ስሙን ያወጣችለት የአጎቴ ሚስት ናት። ቡችላ ሆኖ የመጣው ከጎረቤቷ ጋር በድንበር በተጣላችበት ሰሞን ስለነበር፣ ደጃፏ ላይ ቆማ «ማን ያውቃል! ማን ያውቃል!» እያለች በተጣራች ቁጥር ነገሩ ማዶ ይደርሳል። በእኛ አገር ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይለውን በውሻው ስም ይለዋል። ድንበሩ በሽማግሌ ተካልሎ ከጎረቤቷ ጋር ታረቁ፤ ስሙ ግን በውሻው ላይ ቀረ።

ቤታቸው ከጣርማበር ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ፣ መዘዞ ሳይደረስ፣ ከመኪናው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከገብስና ከበግ ሌላ ብዙም የሚሆንለት ነገር የለም። መንደሩ ተረተር ላይ ተለጥፏል፤ ከበላዩ ላይኛው ግጦሽ አለ፣ ከበታቹ መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከዚያ ገደል እየተግተለተለ ይወጣና በሩብ ሰዓት ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም። ጣርማበርን በመኪና ያለፈ ሰው ይህን ጉም ያውቀዋል፤ ሾፌሮች ጠራራ ፀሐይ በሚሆንበት ሰዓት መብራት አብርተው የሚያልፉት ለዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ለኅዳር ሚካኤል ከደብረ ብርሃን ወጥቼ እዚያ ነበርኩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም አብዬ የምንላቸው፣ መርሳት ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የዛሬውን ይረሳሉ እንጂ የድሮውን ያስታውሱታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ጉሙ ሲገባ በሩ ላይ ቆመው «ቦራ አልገባም» አሉ። ቦራ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሸጠ በሬ ነው። «ገብቷል አብዬ፣ ይቀመጡ» አልናቸው። ቡና እየተፈላ ነበር። ሁለተኛው ጀበና ሲጣድ አብዬ መደባቸው ላይ አልነበሩም።

ጡሩንባ ተነፋ። ስለ በጎ ፈቃድ የሚጻፈውን ሁሉ ሳነብ ያቺ ማታ ትዝ ትለኛለች፤ ምክንያቱም ማንም ማንንም ሳይለምን ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ከሰባ የማያንስ ሰው ባትሪና ችቦ ይዞ ወጥቷል። የተጣላም የታረቀም መጣ። የጎደለው ነገር ሰው አልነበረም። አንድ ወጣት ከጓሮው በር አጠገብ በጭቃው ላይ የጫማ ዱካ አግኝቶ «ይኸው!» ብሎ ጮኸ፤ ሰባውም ሰው ዱካውን ለማየት እዚያው ላይ ቆመ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የአብዬ ዱካ ከሰባ ሰው ዱካ ጋር ተቦክቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሁሉም ሐሳብ አንድ ነበር፤ ገደል። ሰው በጉም ከጠፋ ገደል ነው። ሁሉም ወደ ታች ወረደ።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ጉሙ ተገፈፈና ሰማዩ ጠራ፤ ውርጩም ወዲያው ጣለ። ማን ያውቃል መጮህ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ግቢው መሐል ቆሞ፣ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ፣ ወደ ላይኛው ግጦሽ ይጮኻል፤ መቶ እርምጃ ያህል ወደ ላይ ይሮጣል፤ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ያየናል፤ ተመልሶ ይመጣና እንደገና ይጮኻል። «ጅብ ነው» አለ የአጎቴ ልጅ። ለነገሩ ማን ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚለው። ከታች የሚጣሩ ሰዎችን ድምፅ መስማት ስላልቻልን አንዱ ድንጋይ ወረወረበት። ከዚያም ገመድ አምጥቼ ባሕር ዛፍ ላይ አሰርኩት። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ በሌላ ሰው ላሳብበው አልፈልግም።

ታስሮም ወደ ላይ መጮሁን አልተወም። ጎሕ ቀዶ ፀሐይ ተረተሩን ሞቅ ስታደርገው ግን ዝም አለና ተኛ። «ጅቡ ሄደ» አሉ።

አብዬን ያገኘቻቸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ኩበት ልትለቅም የወጣች ልጅ ናት። ከቤቱ ሽቅብ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ፣ ላይኛው ግጦሽ ላይ፣ የፈረሰ የድሮ በረት ካብ ተደግፈው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። በሕይወት ነበሩ። የግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች ጠቁረው ነበር። ትንሽ ሞቅ ሲላቸው የመጀመሪያ ንግግራቸው ይህ ነው፦ «ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኹ ሰማሁ። ሌባ እያባረራችሁ መስሎኝ በሬውን ይዤ ዝም አልኩ።»

በሰዓቱ ሳቅን። ታናሽ እህቴ ግን አልሳቀችም። እርሷ ስኮትላንድ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ በስልክ ስነግራት ሁሉንም ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ውሻው ወደየት ነበር የሚጮኸው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን የጠየቀኝ እርሷ ብቻ ናት።

ለካ እርሷ በወር አንድ ወይም ሁለት እሑድ ለውሾች ትደበቃለች። ነገሩን ስትነግረን እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «እሑድ ቀን፣ ቅዳሴው ቀርቶ፣ ለውሻ ትደበቂያለሽ? አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» ብላ ነበር። ሥራው ይህ ነው። የጠፋ ሰው የሚፈልጉ ውሾች ለመሠልጠን የሚጠፋ ሰው ያስፈልጋቸዋል። አንድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ፣ ተራራው ላይ እንደ እኛ አስታ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ፣ ላስቲክ ተጠቅልሎ በዝናብ ይተኛል። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። ለዚህ የሚከፈለው የለም። ውሻውን ለሚመራውም አይከፈለውም። ውሻውም የመንግሥት አይደለም፤ ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር የሚያድግ የራሱ የሰውየው ውሻ ነው። ፖሊስ ሰው ጠፋ ብሎ ሲደውል አናጺው ከአናጺነቱ፣ አስተማሪው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ውሻውን መኪና ላይ ይጭናል። ስኮትላንድ ውስጥ ይህን ማኅበር በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመሠረተው ሃሚሽ ማኪነስ የሚባል ተራራ ወጪ ነው፤ ግሌንኮ በሚባል ሸለቆ ይኖር ነበር።

እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችበትን ቀን እንዲህ ነገረችኝ። ፊቷን ወደ መሬት አድርጋ ተኝታለች። ከሩቅ ቃጭል ሰማች፤ ውሻው አንገት ላይ ቃጭል ያስሩለታል፣ በጨለማና በጉም የት እንዳለ እንዲታወቅ። ቃጭሉ ራቀ። ቆይቶ ቀረበ። ከዚያ ትንፋሽ አንገቷ ላይ ተሰማት፤ እርጥብ አፍንጫ ጆሮዋን ነካት፤ ሲያሸታት እንደ ወናፍ ነበር አለችኝ። ከዚያ ትቷት ሮጠ። «አግኝቶኝ ትቶኝ ሄደ፤ ማልቀስ አማረኝ» አለች። ትቷት አልነበረም የሄደው። ጌታው ዘንድ ሮጦ ሄዶ ጮኸ፤ ጌታው «አሳየኝ» ሲለው እየመራ አመጣው፤ ጌታው ዘግየት ሲል ወደ ኋላ እየሮጠ እያጣደፈ። ሥልጠናው ዋናው ነገር እርሱ ነው። ማግኘትማ ማንም ውሻ ያገኛል። ማግኘቱን ለሰው መናገር፣ ሰውም ያንን ቋንቋ መስማት ነው ሁለት ዓመት ያህል የሚፈጀው።

መቶ እርምጃ ወደ ላይ ሮጦ፣ ቆም ብሎ ወደ ኋላ የሚያይ ውሻ። ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ።

ሌላው ደግሞ ነፋሱ ነው። የሰው አካል ሳያቋርጥ የቆዳ ቅንጣት ያራግፋል፤ ቅንጣቱ ሽታውን ይዞ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። የሰው አፍንጫ ሽታ የሚቀበሉ ሕዋሳት ያሉት ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን የውሻው ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። ገመድ ታስረው ዱካውን በመሬት ላይ እያነፈነፉ የሚሄዱ ውሾች አሉ፤ ለእነርሱ የጠፋው ሰው ያልታጠበ ልብስ ይሰጣቸዋል። ሌሎቹ ተለቀው፣ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው፣ በአየር የሚመጣውን ሽታ የሚፈልጉ ናቸው። ለእነዚህ የሰውየው መንገድ ቁም ነገር አይደለም፤ ቁም ነገሩ ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚሄድ ነው። ተራራማ አገር ላይ ደግሞ ነፋሱ ልማድ አለው። በጠራ ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ከመሬቱ ጋር የተያያዘው አየርም ቀዝቅዞ ይከብድና እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል። ጠዋት ፀሐይ ተረተሩን ስታሞቀው አየሩ ተገልብጦ ሽቅብ ይወጣል።

በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ማታ ማታ የጎጆው ጭስ ሰማይ አይወጣም፤ ጣሪያውን ተከትሎ ይወርድና ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ያው «ጅብ ነው» ያለው የአጎቴ ልጅ አውድማ ላይ ገብስ ሊያነፍስ ቆሞ አገኘሁት። እፍኝ እብቅ አንሥቶ ወደ ላይ በተነና ወዴት እንደሚወድቅ አየ። «ገና ነው፤ ሽቅብ ነው የሚነፍሰው፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይዞራል» ብሎ ላይዳውን አስቀመጠ። እህቴ እንደምትነግረኝ እዚያ ውሻ የሚመሩት ሰዎች ትንሽ የዱቄት ጠርሙስ ይይዛሉ፤ ጨመቅ አድርገው ዱቄቱ ወዴት እንደሚንሳፈፍ ያያሉ። እብቁና ዱቄቱ አንድ ናቸው። የአጎቴ ልጅ እውቀቱ ነበረው፤ ማን ያውቃል ደግሞ አፍንጫው ነበረው። ሌሊቱን የአብዬ ሽታ ከላይ ወደ ግቢያችን ሲፈስ ውሻው ጮኸ፤ ጠዋት ነፋሱ ሲገለበጥ ሽታው ከግቢው ተቋረጠና ዝም አለ። ጅቡ የሄደው እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚህ ውሾች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። በስዊዘርላንድና በጣልያን ድንበር፣ ታላቁ ቅዱስ በርናርድ በሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ያሉ መነኮሳት በበረዶ የሚጠፉ መንገደኞችን በውሻ ሲፈልጉ ኖረዋል። ከሁሉ የታወቀው ባሪ የተባለው ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1800 እስከ 1814 የኖረ ሲሆን ከ40 በላይ ሰው አድኗል ይባልለታል። ቆዳው በርን ከተማ በሚገኘው ሙዚየም እስካሁን ቆሟል። በአንገቱ ላይ የአረቄ በርሜል ነበረ የሚባለው ግን ተረት ነው። ያስገረመኝ ማለፊያው 2,469 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ያንሳል። ሁለተኛው ያስገረመኝ መነኮሳቱ ናቸው። እኛ ዘንድ ውሻ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገባ ዲያቆኑ በመቋሚያ ነው የሚያባርረው። ይህን የምለው ዲያቆኑን ልወቅስ አይደለም፤ እኔም ገመድ ይዤ የሮጥኩ ሰው ነኝ።

ዱካ ተከታይ ማመን ለአገራችን አዲስ ነው ማለት ግን አይቻልም። ሌባ ሻይ የሚባለውን አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ለጋ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ገመዱን ሰው ይዞ ከኋላው ይከተለዋል። ልጁ በስካር እየተንገዳገደ የገባበት ቤት የሌባ ቤት ነው፤ ባለቤቱም ይከፍላል። ረጅም ገመድ፣ ፊት ፊት የሚሄድ ፍጡር፣ ከኋላ የሚከተል ሰው። መልኩ ከሚያነፈንፍ ውሻ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ እንደ ውሻው እየተፈተነ አልሠለጠነም። ዕቃ ደብቆ፣ ልጁን ለቅቆ፣ «እስቲ ያገኘዋል?» ያለ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። ምንም የማያውቅ የሰከረ ሕፃን አምነን የሰው ንብረት ስናስከፍል የኖርን ሰዎች፣ የሚያውቀውን ውሻ አላመንነውም። እህቴ በእነዚያ እሑዶች ላስቲክ ተጠቅልላ የምትተኛው፣ ውሻውን የሚመራው ሰው በቁርጡ ቀን እንዲያምነው ነው። መቶ ጊዜ ተደብቃለት መቶ ጊዜ ካገኛት፣ ውሻው ሰው ሁሉ ወደ ታች በሚወርድበት ሌሊት ወደ ላይ ቢጎትተው ይከተለዋል።

ውሻ ሁሉን ያደርጋል እያልኩ አይደለም። ቀትር ላይ ደረቅ መሬት ሽታውን ቶሎ ያጠፋዋል፤ ውሻ ይደክማል፤ ይሳሳታልም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የመጡ ሰዎች ነበሩ። በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ ያየናቸውን ምስል አልረሳውም። ያ ሁሉ እርጥብ ጭቃ ሽታ በቀላሉ አያሳልፍም፤ ውሻ ቢኖር ስንቱን ያገኝ ነበር ማለት አልችልም። ግን የት እንደሚቆፈር ሳያውቅ የሚቆፍር ሰው ምን እንደሚሰማው ትንሽ የማውቅ ይመስለኛል። የእኛም የደብረ ሲና ተዳፋት የሚንሸራተት መሬት ነው።

አንድ ጊዜ ጓሳ በሚባለው የመንዝ ጥብቅ ቦታ ለሚሠራ የወረዳችን ሰው፣ እኛም ዘንድ ውሻ ለሰው ፍለጋ የማሠልጠንን ሐሳብ ባነሣለት ፊቱን አጨፈገገ፤ ትክክልም ነበር። መንዝ ውስጥ ውሻ ማብዛት ቀላል ነገር አይደለም። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ ነው፤ ከዋና ገዳዮቹ አንዱ ደግሞ ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ነው። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። «መጀመሪያ ክትባት፣ ከዚያ ደግሞ በግ አለማባረር» አለኝ። ለእህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። እዚያም ውሻው የመጀመሪያ ፈተናው በበግ መንጋ መሐል ማለፍ ነው፤ አንዲት በግ ካባረረ የቱንም ያህል አፍንጫ ቢኖረው ይወድቃል። መንዜና ስኮትላንዳዊ በዚህ ነገር ተስማምተዋል ማለት ነው።

ማን ያውቃልን ከሦስት ዓመት በኋላ ጅብ በላው። በዚህኛው ጊዜ እውነተኛ ጅብ። ዘሩ ግን አለ፤ ባለፈው ዓመት በጥር የልጅ ልጁ የሆነች፣ ስም ያልወጣላት፣ ልጆቹ ቡቺ የሚሏት የስምንት ወር ውሻ ይዘን ሞከርን። ክትባቷን ደብረ ብርሃን ወስጄ አስከተብኳት፤ በአውቶቡስ ለውሻ የሰው ያህል ከፈልኩ። ተደባቂው የአጎቴ የልጅ ልጅ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጭድ ክምር ሥር መግባት የሚወድ። ፈረንጆቹ ውሻው ሰው ሲያገኝ በአሻንጉሊት ያጫውቱታል። የእኛዋ አሻንጉሊቱን አየችና ትታው ሄደች፤ እርሷ የምታውቀው ቂጣ ነው። ስለዚህ ልጁ በኪሱ ቂጣ ይዞ ተደበቀ። በመጀመሪያው ቀን የጎረቤት ዶሮ አገኘች። በሁለተኛው ቀን ምንም። በሦስተኛው ቀን በቀጥታ ጭዱ ውስጥ ገብታ ልጁን አወጣችው፤ እልል አልን። ማታ እህቴ ደውላ «ልጁን ነው ያገኘችው ወይስ ቂጣውን?» አለችኝ። ደስታዬን ነው የቀማችኝ።

ከዚያ ቂጣውን እኔ ያዝኩ፤ ልጁ ባዶ ኪሱን ተደበቀ። ስድስት ጊዜ ሞክረን አራት ጊዜ አገኘችው። አንዷን ጊዜ ልጁ ሳይነግረን ቦታ ቀይሮ ወደ ፈረሰው በረት ወጥቶ ነበር፤ እኔ «እዚያ አይደለም፣ ተመለሽ» እያልኩ ስጮኽባት እርሷ ሽቅብ ሄደች። ቆማ ወደ ኋላ አየችኝ። ተከተልኳት።

አብዬ ካረፉ ዘመን ሆኗል፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ ሁለት ዓመት ኖረው፣ በመደባቸው ላይ ነው የሞቱት። እናቴ ዘንድሮ ሰባ አራት ሞላት። ስለ ሽታው፣ ስላልታጠበው ልብስ፣ ሰው ሳይነካካው በንጹሕ ነገር ስለ ማስቀመጡ ለእህቴ ልጆች ስነግራቸው ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ነበር፤ የሰማችም አልመሰለኝም። ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥኗን ስከፍት ከበዓል ቀሚሷ አጠገብ አንድ የታሰረ ፌስታል ተሰቅሎ አገኘሁ። ውስጡ የራስ ሻሽዋ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ እማዬ?»

«እንዳታጥበው» አለችኝ፤ እንዝርቷን እያሾረች። «እንዳትፈታውም።»